ነፋሱ ካለፈ በኋላ

ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ያደገ ሰው የዝናቡን ዓይነት በድምፁ ይለያል። ካፊያው ሹክሹክታ ነው፤ ዶፉ ሲወርድ ቤተ ሰቡ በጩኸት ካልሆነ አይደማመጥም፤ በረዶ ሲጨመርበት ደግሞ ከሰማይ ጠጠር በአካፋ የሚደፋ ይመስላል። ዳሩ ግን ለጣራው ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው ዝናቡን ቀድሞ የሚመጣው ነፋስ ነው። በነጎድጓዳማው ደመና ውስጥ የቀዘቀዘው አየር ከብዶ ወደ መሬት ይወርድና አቧራውንና የተሰጣውን ልብስ እያነሳ ወደ ጎን ይበተናል። ከቆርቆሮው በላይ በፍጥነት ሲያልፍ እዚያ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ በተከፈተ በርና በጣራው ክፈፍ ሥር የገባው አየር ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገነጠለው የዳሩ ቆርቆሮ ነው፤ እሱ ከተነሳ ሌላው ይከተለዋል።

መብራቱም ብዙ ጊዜ በዚያው ደቂቃ ይጠፋል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የገባው የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ችግርን ለማቃለል ነበር፤ ዛሬ በብዙ ሰፈር የኤሌክትሪኩን ሽቦ የተሸከመው ምሰሶ እሱ፥ ሽቦው ላይ የሚወድቀውም ዛፍ እሱ ሆኖ ይገኛል።

ነፋሱ ሲነፍስ ሰው ከቤቱ ከመቀመጥ በቀር የሚያደርገው የለም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ዝናቡ ሲያባራ የግቢው ሰው ሁሉ ወጥቶ ጣራውን ያያል፤ ጎበዝ ነኝ ባዩ መሰላል ይፈልጋል፤ ሽቦውን የሚመለከት ግን ጥቂት ነው።

ባለፈው ክረምት በምኖርበት ሰፈር የሆነውን ላውጋ። የተገነጠለ ቅርንጫፍ ሽቦ በጥሶ፥ የሽቦው ጫፍ በጎረቤት የቆርቆሮ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ የልብስ ማስጫውን የሚደግፈውን ባላ ነቅሎ «እኔ ላንሳው» ብሎ መጣ። አያቱ በረንዳ ላይ ቆመው ያዩታል።

«ጋሼ፥ ልጁ ይመለስ እንጂ!» አልኩ።

«መብራት እኮ ጠፍቷል፥ መምህር። ሽቦው ሞቷል።»

«የጠፋው ይመለሳል፥ ጋሼ፤ መቼ እንደሚመለስ ግን ማናችንም አናውቅም።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና ልጁን ተቆጥተው ባላውን አስጣሉት። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የሰፈሩ መብራት ለአንድ አፍታ ቦግ ብሎ ተመልሶ ጠፋ፤ በዚያች አፍታ እርጥቡ አጥር ተንጣጣ፥ ሰማያዊ ብልጭታም ታየ። ከዚያ ወዲያ ወደ አጥሩ የተጠጋ ሰው አልነበረም።

ተማሪዎቼ «እንጨት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም» የሚለውን አጥንተው ይመጣሉ። ደረቅ ከሆነ እውነት ነው፤ ዝናብ የጠጣ ባላ ግን ሌላ ነገር ነው። በቤታችን የሚገባው ኃይል 220 ቮልት ሲሆን ወደ ሰፈሩ ትራንስፎርመር የሚመጣው መስመር 15 ሺህ ቮልትና ከዚያም በላይ ሊሸከም ይችላል፤ የወደቀው የትኛው እንደ ሆነ ከሩቅ መለየት ለባለሙያ ካልሆነ አይቻልም። ሽቦው መሬት ከነካ ኃይሉ በእርጥቡ አፈር ውስጥ ዙሪያውን ስለሚሰራጭ በሁለቱ እግሮቻችን መካከል እንኳ የቮልት ልዩነት ይፈጠራል። ስለዚህ ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ድንገት በአቅራቢያው የተገኘ ሰው ሳይሮጥ፥ እግሮቹን ሳያራርቅና ከመሬት ሳያነሳ እየጎተተ ይውጣ። የቆርቆሮ አጥርና የልብስ ማስጫ ሽቦ፥ ከወደቀው ሽቦ ጋር ከተነካኩ፥ እንደ ሽቦው ይቆጠራሉ። ከዚያ በ905 ደውሎ ቦታውን ማስረዳት፥ ሠራተኞቹ እስኪመጡም ሕፃናቱን መጠበቅ ነው።

ጣራው ሊቆይ ይችላል። እርጥብ ቆርቆሮ ያንሸራትታል፤ በጨለማ ደግሞ የበሰበሰው እንጨት አይታይም። በዚያች ሌሊት የሚሠራው ከቤት ውስጥ ነው። ኮርኒሱ ውሃ አዝሎ ከተንቀረበበ ከሥሩ ገንዳ አኑሮ፥ ራስም ገለል ብሎ በሾለ ነገር ቢበሱት ጠቅላላው ከመውደቅ ይድናል፤ ነገር ግን አስቀድሞ በቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋና ማጥፊያ በደረቅ እጅ ማጥፋት ይገባል። ማጥፊያው ራሱ ውሃ ከነካው አይነካም። ሲነጋ የተከፈተውን ቦታ በሸራ ሸፍኖ ጠርዙን በጣውላ መምታት ይሻላል፤ በየጣራው ላይ የምናየው ድንጋይ በሚቀጥለው ነፋስ ወርዶ የሰው ራስ ላይ ሊያርፍ ይችላል። አዲስ ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው ደግሞ የጌጁ ቁጥር ሲበዛ ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ይወቅ፤ 35ቱ ከ28ቱ የሚረክሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ሚስማሩ በጎድጓዳው ሳይሆን በጉብታው ላይ ይመታ፤ በዳር በዳሩም ይጠጋጋ።

ወጪውን ማን ይከፍላል? አብዛኞቻችን ተከራዮች ነንና ጥያቄው ቀላል አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቃቅኑን እድሳት በተከራዩ ላይ ቢጥልም፥ በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል የመጣውን አያስከፍለውም። ጣራ የገነጠለ ነፋስ ከዚህ ይመደባል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ለአከራዩ በዚያው ቀን ማስታወቅ፥ ጉዳቱንም ፎቶግራፍ አንስቶ ማስቀመጥ ብልህነት ነው፤ ወር ቆይቶ «ድሮም እንዲሁ ነበር» የሚል ክርክር ሲነሳ የሚረዳው እሱ ነው።

አሁን ወደ ጨለማው ክፍል እንመለስ። ሻማ ከመጋረጃና ከወረቀት ርቆ በሰሐን ላይ ይቁም፤ የደብተር ክምር ይዘን የምናርም መምህራን ይህን በተለይ እናስታውስ። ከሻማው ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ምድጃው ነው። መብራት ሲጠፋና ቤቱ ሲበርድ፥ ሾርባውን ያሞቀው ከሰል እንዳለ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ የነፋሱ መግቢያ ሁሉ በጨርቅ ይደፈናል። «ፍም ከሆነና ጭሱ ካለቀ አይጎዳም» ይባላል። ጭሱ ቢያልቅም የማይታየውና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከፍሙ ይወጣል፤ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽና ድካም ያመጣል፤ ቀኑን ውሃ ሲቀዳ የዋለ ሰው ደግሞ ድካሙን ከሥራው ቆጥሮ ይተኛል። ምድጃው ደጅ ይደር፤ ብርዱን በብርድ ልብስና በጋቢ መከላከል ይቻላል። ራሱን ያመመው ሰው ካለ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። ጄኔሬተርም እንደዚሁ በቤት ውስጥ፥ በመስኮት ሥርም አይነሳም።

ማቀዝቀዣ ያለው ሰው በሩን ካልከፈተው ውስጡ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ምጣዱና ማቀዝቀዣው ግን ከሶኬቱ ይነቀሉ፤ ኃይሉ ሲመለስ የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚስብ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ይላል። የቤቱ መስመር ውሃ ያልነካው ከሆነ አንድ አምፖል ብቻ በርቶ ይተው። እሱ ሳይርገበገብ ሩብ ሰዓት ከቆየ መጀመሪያ ማቀዝቀዣው፥ ቀጥሎ ምጣዱ ይሰካል።