ቀለህ፣ ዳይ እና ማጥበቂያ ቀለበት፦ የጥይት መሙያ መሣሪያ ዳሰሳ

ከደባርቅ ተነስቶ ሊማሊሞን የወረደ መንገደኛ ዛሪማ ሲደርስ ብርዱን ጥሎ ቆላ ገብቷል። ይህ ቁልቁለት ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚወስደው የነጋዴ መንገድ ክፍል ነበር፤ መንገዱ በአድዋ አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በዛሪማ በኩል ወደ ደጋው ይወጣል። ከባሕር ማዶ የተጫነው ዕቃ በዚሁ ሲገባ ነፍጥም አብሮ ገብቷል። ስለ ጠመንጃው አመጣጥ ብዙ ተጽፏል። ጥይቱ በምን እንደሚሞላና መሙያው ለምን አብሮ እንዳልመጣ ግን እምብዛም አይነሳም። እኔ ግን ክብደቱ ያለው እዚያ ላይ ነው እላለሁ፤ ጠመንጃ የገዛ ሰው የተኩስ አቅም የሚኖረው ጥይቱን መተካት እስከቻለ ድረስ ብቻ ነውና። ስለዚህ ይህ ዳሰሳ ከታሪኩ ተነስቶ፣ ዳይን በፕሬስ ላይ ይዛ እስከምታቆየው ትንሽ ቀለበት ድረስ ይሄዳል።

በአፈሙዙ የሚጎርሰው ነፍጥ ለባለቤቱ ገር ነበር። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1762 ዓ.ም. በሊማሊሞ ወጥቶ ጎንደር ከገባ በኋላ፣ በአረር ፈንታ የሞራ ሻማ ቁራጭ አጉርሶ በመተኮስ ሦስት ጋሻ እንደበሳ ጽፏል። ሻማ የሚቀበል ጠመንጃ የብረት ቁራጭም ይቀበላል፤ እርሳስ በጠፋበት አገር ተኳሾች ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ባሩዱም ከጨው ባሩድ፣ ከአፋር ከሚመጣ ድኝና ከከሰል እዚሁ ይቀመም ነበር። መጠኑን የሚያውቀው የተኳሹ እጅና ዓይን ነው። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከሰሜን እስከ ትግራይ ሲገዙ ወደ ባሕሩ የሚወስደውን መንገድ በመያዛቸው ነፍጥ በብዛት አከማችተዋል፤ ጥይቱና ባሩዱ ግን የግድ ከባሕር ማዶ መምጣት አልነበረበትም። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል የነሷቸው ካሳ ኃይሉ ከሁለት ቀን በኋላ እዚያው ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ የጦር መሣሪያው ዓለም ገና በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነበር።

ለውጡ የመጣው ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ውስጥ ነው። ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ባሠሩት ማቅለጫ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ ወጣ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ የመጣው የእንግሊዝ ጦር የያዘው ደግሞ ከኋላው የሚጎርስ ስናይደር ነበር፤ አገሬው ሰናድር ያለው። ጥይቱን የነደፈው የዎልዊች ቤተ ሙከራ ኃላፊ ኤድዋርድ ቦክሰር ሲሆን ቀለሁ ከስስ ናስ የተጠቀለለ ነው። መድፉ ከባድ ይሁን እንጂ በአንድ ማቅለጫና በብዙ ጉልበት ይሠራል። ጣት የምታህለው የሰናድር ጥይት ግን ከሺህ ጓደኞቿ ጋር በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ እኩል መሆን አለባት፤ ለዚህም ጉልበት ብቻውን አይበቃም፣ ልክ የሚጠብቅ መሣሪያ ያስፈልጋል። ጋፋት ያላት ማቅለጫ ነበር፤ ይህ መሣሪያ አልነበራትም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ አንድ ጥይት ቀለህ፣ ባሩድ፣ አረርና ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለች ተቀጣጣይ ቆብ ናት። ሲተኮስ ናሱ በግፊቱ አብጦ የጠመንጃውን ጎሬ ይደፍናል፤ ጭሱና እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ የሚያደርገው ይህ ነው። ስለዚህ የተተኮሰ ቀለህ ያበጠ ቀለህ ነው። ዳግም እንዲሠራ ዳይ በሚባል ጠንካራ የብረት ቅርጽ ውስጥ ተገፍቶ ወደ ልኩ መመለስ አለበት።

በአፄ ዮሐንስ ዘመን ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብጾች የተማረከው ሬሚንግተን፣ ከዚያም የፈረንሳዩ ግራ፣ ማለትም ውጅግራ፣ አገሩን ሞሉት። የውጅግራ ጥይት በየገበያው ከጠገራ ብርና ከአሞሌ ጎን ዝርዝር ገንዘብ እስከ መሆን ደረሰ። ባዶ ቀለሁም አይጣልም፤ በአገር ባሩድ ተሞልቶ ይተኮስ ነበር። ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ጠመንጃ ስለሆነ የአገሩ ቅማም ያስተኩሰዋል። ባለ ዳይ መሣሪያ ሳይኖር በእጅ የተሞላው ግን መጠኑም ኃይሉም ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል።

ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ችግሩን ለይተው አውቀውታል። ባለቅኔው አርተር ራምቦ ለእርሳቸው ጠመንጃ ካመጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1887 ለፈረንሳይ የባሕር ኃይል ሚኒስትር ያቀረበው ጥያቄ የጠመንጃና የጥይት መሥሪያ መሣሪያ በኦቦክ በኩል ለማስገባት ነው። በግንቦት 1888 መጀመሪያ ተፈቀደለት፤ ወሩ ሳያልቅ ፈቃዱ ተሰረዘ። በእነዚሁ ዓመታት በአሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1884 ጆን ባርሎው ያቋቋመው አይዲያል ኩባንያ ማንኛውም አዳኝ ኪሱ ከትቶት የሚሄደውን የጥይት መሙያ ጉጠት ይሸጥ ነበር። እዚህ ለንጉሥ የተከለከለው እዚያ የገበሬ ዕቃ ነበር። ብዙ ጊዜ በጠመንጃ ቁጥር የሚተረከው የዚያ ዘመን ፖለቲካ በዚህ በኩል ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆንልኛል።

ከዚያ በኋላ በሩ ይበልጥ ጠበበ። ፖል ቪየይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ በ1886 ለበን የተባለው ጠመንጃ በዚሁ ባሩድ ወጣ። ይህ ባሩድ የኬሚካል ፋብሪካ ውጤት ስለሆነ በሙቀጫ አይቀመምም። በ1928 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የዘመተው ሠራዊት ዓይነቱ የበዛ ጠመንጃ ነበረው፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ለአርበኛው ጥይት በአመዛኙ የሚገኘው በመማረክ ነበር። ከዛሪማ በላይ ሊማሊሞ አናት ላይ ወልቀፊትን ይዞ የነበረው የኢጣሊያ ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ ለአካባቢው የተረፈው ጠመንጃና ጥይት እንጂ መሙያ አይደለም።

መሙያው ያደገው በሌላ ዓለም ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ አዳኝና ዒላማ ተኳሽ ቀለሁን እየለቀመ ቤቱ ይሞላል። ዳዩ ፕሬስ በሚባለው መጫኛ መሣሪያ ራስ ላይ በጥርስ ይገባል፤ የአብዛኞቹ አምራቾች ጥርስ አንድ ዓይነት ነው፣ ውፍረቱ 22.2 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ኢንች 14 ዙር። አንድ ሙሉ ዙር ዳዩን በ1.81 ሚሊ ሜትር ያወርደዋል። ጥንቁቅ ተኳሽ የጠርሙስ ቅርጽ ያለውን ቀለህ ትከሻ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ብዙም አልፎ መግፋት አይፈልግም፤ ይህም የዙሩ አሥር ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ቀለሁ በጎሬው ውስጥ ይላላል፤ በተደጋጋሚ ሲተኮስ ከቂጡ ጥቂት ከፍ ብሎ ይሰነጠቃል። ማጥበቂያ ቀለበት የምትጠብቀው እንግዲህ እነዚህን አሥር ዲግሪዎች ነው።

ከማጥበቂያዎቹ ቀላሉ ተራ ዳዶ ነው፤ ያጠብቃል፣ ዳዩ በተፈታ ቁጥር ግን ልኩ ይጠፋል። ከጎን በምትገባ ቪቴ ዳዩ ላይ የምትጠብቀዋ ቀለበት ለብዙ ዓመት አርሲቢኤስ የተባለው አምራች መለያ ነበረች። ቪቴዋ ጥርሱን እንዳትበላው ከሥሯ የእርሳስ ቅንጣት ይደረጋል፤ ይህ ከተዘለለ ዳዩ ይበላሻል። በአንድ ጎን ብቻ ስለምትገፋም ቀለበቷ በጥቂቱ ልትዘም ትችላለች። ሆርናዲና ፎርስተር የተባሉት አምራቾች የሚሠሯት ደግሞ ተሰንጥቃ፣ ስንጥቁን የሚያቋርጥ ቪቴ ሲጠብቅ ዙሪያውን እኩል የምትጨብጥ ናት። ጥርስ አትጎዳም፣ ዳዩን አውጥቶ ሲመልሱም ልኩ እንደነበረ ይገኛል። የምመርጠው ይህችን ነው፤ ለአንድ ዳይ ስብስብ አንድ ጊዜ የሚወጣ ገንዘብ ነው፣ የሚጠብቀው ደግሞ የእያንዳንዱን ጥይት ደኅንነት ነው።

ሊ የተባለው አምራች ከቀለበቷ ሥር የጎማ ኦሪንግ አድርጎ በእጅ ብቻ እንድትጠብቅ ያደርጋል። ጎማው ዳዩን በጥቂቱ እንዲላወስ ስለሚፈቅድለት ከቀለሁ ጋር ራሱን ያስተካክላል የሚሉ አሉ። አባባሉ መሠረት አለው፤ ነገር ግን እጅ የነካው ሁሉ ልኩን ሊያዞረው ይችላል፣ ስለዚህ በየጊዜው ዳይ ለሚቀያይር ሰው አልመክራትም። ሌላው መታየት ያለበት ውፍረት ነው፤ ወፍራም ቀለበት በአጭር ዳይ ላይ የጥርሱን ቦታ ይወስዳል። ከየትኛዋም ጋር የሚሠራ ልማድ ደግሞ አለ፦ ቀለህ ፕሬሱ ውስጥ አስገብቶ፣ እጀታው ጫና ላይ እንዳለ ቀለበቷን ማጥበቅ። ያን ጊዜ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ወደ አንድ ጎን ያልቃል፤ ቀለበቷም የምትይዘው በሥራ ላይ ያለውን ልክ ይሆናል።

ደጋና ቆላ በአንድ ቀን የሚያይ ሰው ደግሞ ቀለበት የማታስተካክለውን ነገር ልብ ማለት አለበት። ጭስ አልባ ባሩድ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። ከ2,800 ሜትር በላይ ባለው በደባርቅ ብርድ ልኩ ጫፍ ላይ የተሞላ ጥይት በዛሪማ ሙቀት ከልክ ሊያልፍ ይችላል።

ዛሬ በእነዚህ ወረዳዎች በብዛት የሚታየው የክላሽ ጥይት ቀለሁ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ነው፤ ብረት እንደ ናስ ደጋግሞ ማበጥና መመለስ አይችልም። ቂጡም አብዛኛውን ጊዜ በበርዳን አሠራር የተበጀ ነው፤ የቆቡ መመቻ ከቀለሁ ጋር አንድ አካል ስለሆነና እሳቱ በሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ስለሚያልፍ፣ አሮጌውን ቆብ በተራ መግፊያ ማውጣት አይቻልም። አሜሪካኖች የሚጠቀሙት የቦክሰር አሠራር አንድ መካከለኛ ቀዳዳ አለው፤ የቤት ሙሌት እዚያ እንዲለመልም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ስሙ የእንግሊዛዊው የሰናድር ጥይት ነዳፊ፣ ገበያው አሜሪካ፤ በተቃራኒው የአሜሪካዊው ሃይረም በርዳን አሠራር የአውሮፓና የሶቭየት ጦር ሀብት ሆነ።

በአገራችን ጥይት የሚሠራው እንደ ሆሚቾ ባለ፣ በአምቦ አካባቢ ባለ የመንግሥት ፋብሪካ ነው። እዚያ ዳዮቹ በትልልቅ ማሽኖች ላይ ይታሰራሉ፤ ልክን ጠብቆ የማቆየቱ ጥያቄ ግን ያው ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያና ጥይትን የሚመለከተውን ሥራ በፈቃድ ሥር አድርጎታል።