ለፊልም ስለሚሠራ የእህል መጋዘን

በእህል በረንዳና በአካባቢው የምንገኝ ነጋዴዎች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ ዐዲስ ዐይነት እንግዳ ማየት ጀምረናል። ይኸውም እህል የማይገዛ፣ እህልም የማይሸጥ፣ ነገር ግን ሱቁን በሜትር የሚለካ፣ ጆንያውን የሚቆጥር፣ ሚዛኑን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ወጣት ነው። ማንነቱን ሲጠይቁት ፊልም ሠሪ መሆኑን ይናገራል። ብዙዎቻችን ጊዜ የለንም ብለን እንሸኘዋለን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ልጆች ናቸው ብለን ዕቃችንን ያለ ደረሰኝ እናውሳቸዋለን። ሁለቱም አካሄድ ጉዳት ያለው መሆኑን በሥራዬ ላይ ስላየሁ፣ እነዚህ ሰዎች የሚሠሩት ነገር ምን እንደ ሆነና ከነጋዴው ጋር የሚገናኘው በምን በኩል እንደ ሆነ ለመግለጽ አስቤአለሁ።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር አራት ወጣቶች ወደ አሠሪዬ መደብር መጡ። የሚሠሩት ፊልም ከዐሥራ አምስት ደቂቃ የማይበልጥ አጭር ፊልም ነው፤ ገንዘቡንም ከየኪሳቸውና ከዘመዶቻቸው ያዋጡት እንጂ የሚደግፋቸው ኩባንያ የለም። ታሪኩ የወሎ ረኃብ በተሰማበት በ1966 ዓ.ም. አንድ የእህል ነጋዴ በመጋዘኑ የቀረውን ጤፍ ለማንና በስንት እንደሚሸጥ ሲጨነቅ የሚያድርበት የአንድ ሌሊት ታሪክ ነው። «ጋሼ፣ መደብርዎን ለአራት ቀን ብቻ ቢፈቅዱልን» ብለው ለመኑ። አሠሪዬም «አራት ቀን ከዘጋሁ ከጎጃም የሚመጣውን ጭነት የት ላራግፈው ነው?» ሲሉ መለሱ። በዚህ ጊዜ ከወጣቶቹ መካከል አንዲት ልጅ «እንግዲያውስ ሴት እንሠራለን» ብትል፣ አሠሪዬ ግራ ተጋብተው ወደ እኔ ተመለከቱ። ነገሩ የቋንቋ ጉዳይ ነው። ለፊልም ሲባል የሚቆመው ቤት ወይም ግቢ ከእንግሊዝኛ በተወሰደ ስም እንዲህ ይጠራል። ቃሉ በእኛ ቋንቋ የሚያሳስት ስለ ሆነ እኔ ከዚህ በኋላ «የትዕይንት ቤት» እያልሁ እጽፋለሁ።

የትዕይንት ቤት ለካሜራ ዐይን ብቻ የሚቆም ቤት ነው። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በዛሬው ብሔራዊ ቴያትር የተቀመጠ ተመልካች መድረኩን የሚያየው ከአንድ ሥፍራ ነው፤ ስለዚህ ከሩቅ ግድግዳ የሚመስል ሥዕል ይበቃዋል። ካሜራ ግን ይዘዋወራል፤ እስከ አንድ ስንዝር ድረስ ቀርቦም የምስማሩን ራስ ያያል። የፊልም አናጢ እንግዲህ የሚታየውን ከእውነተኛው ቤት በበለጠ ጥንቃቄ ይሠራል፤ የማይታየውን ደግሞ ጨርሶ ይተወዋል። በፈረንሳይ አገር ጆርጅ ሜልየስ እ.ኤ.አ. በ1897 የመስተዋት ጣሪያና ግድግዳ ያለው የፊልም መሥሪያ ቤት አቁሞ በቀለም የተሣሉ ትዕይንቶችን ይሠራበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 በጀርመን ለሕዝብ በታየው የዶክተር ካሊጋሪ ፊልም ደግሞ ጥላው ሳይቀር በቀለም የተሣለ ነበር። በእኛ አገር ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም ሲሠራ የመረጠው ተቃራኒውን መንገድ ነው፤ በእውነተኛው ገጠር፣ እውነተኛ ገበሬዎችን ይዞ ሠራ። አጭር ፊልም ሲባል የልጆች ጨዋታ የሚመስለው ሰው ካለ፣ የቤዛ ኃይሉ ለማ አጭር ፊልም «አልዓዛር» እ.ኤ.አ. በ2024 በፈረንሳይ ካን ከተማ በተቺዎች ሳምንት መታየቱን ያስታውስ።

ወጣቶቹ በእኛ መደብር እንሥራ ቢሉም ኖሮ የሚያስቸግራቸው ነገር ብዙ ነበር። የመኪናው ጡሩምባና የደላላው ጥሪ የተዋናዩን ድምፅ ይውጠዋል። ከበረንዳው ፊት ለፊት የሚታየው ባለ መስተዋት ፎቅም በ1966 ዓ.ም. አልነበረም። ስለዚህ ከከተማው ዳር አንድ ባዶ አዳራሽ ለሁለት ሳምንት ተከራዩ።

የሥዕሉና የግንባታው ኀላፊ ያችው ልጅ ነበረች። ከመደብራችን ሁለት ቀን ውላ ለካች። መደብራችን ስድስት ሜትር በስምንት ሲሆን እርሷ የሠራችው የኋላ ግድግዳ አምስት ሜትር እንኳ አልሞላም። ምክንያቱን ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስ የነጋዴ መልስ ነበር። አንድ ኮምፔርሳቶ ወርዱ 1.22፣ ቁመቱ 2.44 ሜትር ነው፤ ግድግዳው 4.88 ሜትር ከሆነ አራት ኮምፔርሳቶ ሳይቆረጥ ልክ ይሆናል፤ አምስት ሜትር ቢሆን ግን ለዐሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲባል አምስተኛው ይገዛል። የጎንና የጎኑ ግድግዳ እያንዳንዱ 3.66 ሜትር፣ ማለት ሦስት ሦስት ኮምፔርሳቶ ሆነ። በድምሩ ዐሥር ብቻ። አራተኛው ግድግዳ የለም፤ በዚያ በኩል ካሜራው ይቆማል። የጎኑ ግድግዳዎች በሞራሌ ተወጥረው በመንጠቆ ስለ ተያያዙ፣ ካሜራው በጎን መግባት ሲፈልግ ሁለት ሰው አንሥቶ ያወጣቸዋል። የመደብራችን ጣሪያ እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ እርሷ ግን ከግድግዳው በላይ ያለውን በጨለማ ትታ አንድ አሮጌ ቆርቆሮ ብቻ በማገር ላይ አንጠለጠለች።

ዐዲስ እንጨት ግን ዐዲስ መምሰሉን አይተውም። ስለዚህ በላዩ አቡጀዲ በኮላ ተለጠፈ፤ በአቡጀዲው ላይ አሸዋ የተቀላቀለበት ጄሶ ተለሰነ፤ ከዚያም በቀለም፣ በጥላሸትና በሻይ ውሃ አስረጁት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በዚያ መደብር ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በላይ ስሠራ፣ በግድግዳው ላይ በሰው ትከሻ ልክ የሚሄድ አንድ ጥቁር መስመር መኖሩን አስተውዬ አላውቅም ነበር። ጆንያ ተሸክመው የሚገቡ ወዛደሮች ትከሻ ሲተሻሸው የኖረ ነው። ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን አይታው በትዕይንት ቤቷም ላይ በላብና በዘይት መልክ አስመስላ ቀባችው።

ትልቁ ችግር የጆንያው ነገር ሆነ። ዛሬ የምናየው የፕላስቲክ ማዳበሪያ ለዘመኑ ስለማይስማማ አርባ የቃጫ ጆንያ ከእኛ ተዋሱ። አርባ ኩንታል ጤፍ መግዛት ግን የማይታሰብ ነው፤ ዋጋው ከፊልሙ ወጪ ሁሉ ይበልጣል። በመጀመሪያ ገለባ ሞሉበት። እኛ ዘንድ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ወዛደር ሊያይ ሄዶ ገና ከበር ሳይገባ ሣቀ። ገለባ የሞላው ጆንያ እንደ ትራስ ይነፋል፤ ጤፍ የሞላው ግን ይተኛል፣ ወገቡ ይወርዳል፣ ሁለቱ ጆሮዎቹ ይቆማሉ፤ ሲጥሉትም ድምፁ ሌላ ነው። ገለባው ተደፍቶ በምትኩ ሰጋቱራ ተሞላ። ሰጋቱራ ከጤፍ እጅግ ይቀላል፤ አተኛኘቱ ግን የእህል ይመስላል። አፉ ተከፍቶ በሚታየው በአንዱ ጆንያ ብቻ፣ በሰጋቱራው ላይ ጨርቅ ተነጥፎ ዐሥር ኪሎ ነጭ ጤፍ ተደረገበት።

የሸክሙ ነገር ግን በሰጋቱራ አልተቻለም። ተዋናዩ ቀላሉን ጆንያ ተሸክሞ ሲሄድ ጉልበቱ አይታጠፍም፣ አንገቱም አይገባም። ሽማግሌው «ይህ ልጅ ጆንያ ሳይሆን ጋቢ ነው የለበሰው» አለ። በመጨረሻ ራሱ እውነተኛ ኩንታል ተሸክሞ ከኋላው ተነሣ፤ ሦስት ጊዜ ስላስደጋገሙትም የሦስት ጆንያ ሂሳብ ተቀበለ፤ ደግሞም ይገባዋል።

አሁን ነጋዴውን ወደሚመለከተው ጉዳይ ልመለስ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሌሎች ፊልም ሠሪዎች አንድ አሮጌ ሚዛናችንን በቃል ብቻ ተውሰው ነበር። ሚዛኑ ሲመለስ ዝገት ለማስመሰል ቀለም ተቀብቶ ቁጥሩ እንኳ አይነበብም። ዝርዝር ሳልጽፍ፣ ፊርማ ሳላስፈርም ያስረከብሁት እኔ ስለ ሆንሁ ጥፋቱ የእኔም ነበር። በዚህኛው ጊዜ ግን የዕቃው ስም፣ ብዛትና ይዞታ ተጽፎ፣ መያዣ ገንዘብ ተቀምጦ፣ ሁለት ምስክሮች ፈረሙበት። ጄሶና ቀለም በተነካበት ሥፍራ የዋለ እህል ወደ ገበያ እንዳይመለስም በውሉ ገባ፤ ያን ዐሥር ኪሎ ጤፍ ገዝተው ወሰዱት።

ሁለተኛው ጉዳይ እሳት ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የደረሰውን ቃጠሎ የመርካቶ ሰው አይረሳውም። ወጣቶቹ የመደብራችንን በር ብቻ በእውነተኛው ሥፍራ ለማንሣት ስለ ፈለጉ፣ አሠሪዬ አንድ እሑድ ከንጋቱ 12 እስከ ጧቱ 3 ሰዓት ፈቀዱላቸው። ያመጡት አሮጌ የፊልም መብራት 2,000 ዋት ነበር። በ220 ቮልት ይህ ዘጠኝ አምፔር ያህል ይስባል፤ ሁለቱ ሲበሩ ዐሥራ ስምንት ይሆናል፤ የእኛ መስመር ደግሞ ለዐሥር አምፔር የተዘረጋ ነው። ከዚህም በላይ የዚህ ዐይነቱ መብራት ይግላል፤ አጠገቡም ጆንያ አለ። እንቢ አልሁ። ለግማሽ ሰዓት ተኳርፈን ከቆየን በኋላ ሄደው ሙቀቱና የሚስበው ኃይል ያነሰ ኤል ኢ ዲ መብራት ተከራይተው መጡ። መደብሩን ለፊልም የሚፈቅድ ነጋዴ ሁሉ ስለ ተዋናዮቹ ከመጠየቁ በፊት ስለ መብራቱ ይጠይቅ።

ሥራው ሲያልቅ ከአርባው ጆንያ ሠላሳ ስምንቱ ተመለሰ፤ የሁለቱ ዋጋ ከመያዣው ተቀነሰ። ከዐሥሩ ኮምፔርሳቶም ሰባቱ ሳይበላሽ ተነቅሎ ለአንድ አናጢ ተሸጠ።

ፊልሙን አምጥተው በጽሕፈት ቤታችን ባሳዩን ቀን አሠሪዬ ሰጋቱራውን ከእህሉ እለያለሁ ብለው ተወራረዱ፤ ከሦስቱ ሁለቱን ሳቱ። ነጋዴው በሌሊት ብቻውን ሲመዝን የሚታይበት ሥፍራ ላይ ሲደርስ ግን እንዲመልሱላቸው ጠይቀው ደግመው አዩት። «ምላሱ ሳይረጋ ነው ያነሣው» አሉ ስለ ሚዛኑ፤ «በዚያ ዓመት እኔም አባቴ ሲመዝኑ አጠገባቸው እቆም ነበር፤ እንዲህ ቸኩለው አያውቁም።» ልጅቷም ማስታወሻዋን አውጥታ ጻፈችው።