ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ወይስ ዲሲ? ቤት ከመቀየራችን በፊት የምንሠራው ሒሳብ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው የምንኖር ሐበሾች ቡና ላይ ስንሰባሰብ ከማይቀሩት ወሬዎች አንዱ “የቱ ይሻላል?” የሚለው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው “ሜሪላንድ ታክሱ ገደለን፣ ወደ ቨርጂኒያ ልንሻገር ነው” ይላል። አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ደግሞ “መኪናህን በየዓመቱ እንደገና የምትገዛው እዚህ ስትመጣ ነው” ብሎ ይመልስለታል። ዲሲ የቀረው ዘመድ “እናንተ ያላችሁትን በሉ፣ እኔ ልጆቼን ገና በሦስት ዓመታቸው ነው በነፃ ትምህርት ቤት ያስገባሁት” ሲል ክርክሩ ይጦፋል።

ሁሉም እውነታቸውን ነው። ችግሩ እያንዳንዱ የሚያወራው ስለ አንድ ደረሰኝ ብቻ መሆኑ ነው። በአንድ ደረሰኝ ተነሥቶ ቤት የለቀቀ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት የቀየረ፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ “ምነው ባልነካሁት” ያለ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ደረሰኞቹን አንድ ላይ አስቀምጠን እንይ።

ግብሩ የሚከተለው እንቅልፍዎን ነው

ብዙ ሰው የሚስተው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው። በሦስቱ አካባቢዎች መካከል ባለው ስምምነት መሠረት አንድ ተቀጣሪ ለደመወዙ የገቢ ግብር የሚከፍለው ለሚኖርበት እንጂ ለሚሠራበት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ዲሲ ሠርቶ ማታ ሜሪላንድ የሚያድር ሰው የሜሪላንድ ግብር ከፋይ ነው። ዲሲ ከነዋሪዎቿ ውጭ ያሉ ሰዎችን ደመወዝ እንዳትቀርጥ ኮንግረስ በ1973 ባወጣው የራስ አስተዳደር ሕግ ተከልክላለች።

የሠራተኛ መብት ግን በአብዛኛው የሚከተለው የሥራውን ቦታ ነው። በጁላይ 2025 የዲሲ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 17.95 ዶላር ሆኖ ነበር። ሜሪላንድ ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ 15 ዶላር ስትከፍል፣ በቨርጂኒያ የ2025 ክፍያ 12.41 ዶላር ነበር። ዲሲ ለግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ልጅ ሲወለድለት ወይም ሲታመም እስከ 12 ሳምንት የሚደርስ ክፍያ ያለው ፈቃድ ያገኛል፤ ይህም መብት ከ2020 ጀምሮ አለ። ቤቱ ቨርጂኒያ ቢሆንም መብቱ አይቀርበትም።

ስለዚህ ቤት ስለቀየሩ ብቻ የሥራ ጥቅምዎ አይጠፋም። ሥራዎን አብረው ከቀየሩ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በቨርጂኒያ የሚያተርፉትን ታክስ ዝቅ ባለ የሰዓት ክፍያ መልሰው ሊያጡት ይችላሉ።

የ80,000 ዶላር ምሳሌ

በምሳሌ እንየው። ባልና ሚስት አብረው ግብር ያስታውቃሉ። ተቀናሹ ሁሉ ተቀንሶ ግብር የሚጣልበት ገቢያቸው 80,000 ዶላር ነው እንበል።

ቨርጂኒያ ከ2 በመቶ ይጀምርና ከ17,000 ዶላር በላይ ባለው ላይ 5.75 በመቶ ያስከፍላል። በዚህ ስሌት የእነዚህ ባልና ሚስት የግዛት ግብር ወደ 4,340 ዶላር ይመጣል።

የሜሪላንድ የግዛት ግብር ለብቻው ሲታይ ያንሳል። ከ3,000 ዶላር በላይ ያለው በአብዛኛው በ4.75 በመቶ ነው የሚሰላው፣ ድምሩም 3,750 ዶላር አካባቢ ነው። ነገር ግን ሜሪላንድ ላይ ካውንቲውም የራሱን የገቢ ግብር ይጨምራል። በሞንጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ 3.2 በመቶ ሲደመር 2,560 ዶላር ነው። ጠቅላላው ወደ 6,310 ይደርሳል።

ዲሲ በጣም ውድ ናት ሲባል እንሰማለን። ለከፍተኛ ገቢ እውነት ነው፣ ጣሪያው 10.75 በመቶ ይደርሳል። ለዚህ ቤተሰብ ግን የዲሲ ስሌት 5,200 ዶላር ነው። ከቨርጂኒያ ይበልጣል፣ ከሜሪላንድ ግን ያንሳል።

እርግጥ ከገቢ ላይ የሚቀነሰው መጠን በየአካባቢው ስለሚለያይ የእርስዎ ቁጥር ልክ እንደዚህ አይሆንም። ቅደም ተከተሉን ለማየት ግን ይበቃል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መካከል ያለው ልዩነት 1,965 ዶላር ገደማ ነው። ቡና ላይ የሚነሣው ክርክር የሚቆመው እዚህ ነው። የቤተሰቡ ሒሳብ ግን ገና መጀመሩ ነው።

በመኸር የሚመጣው ደብዳቤ

ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና እንደ ቤት ሁሉ በየዓመቱ ግብር ይከፈልበታል። መጠኑን የሚወስነው ካውንቲው ወይም ከተማው ነው። አርሊንግተን ለብዙ ዓመታት ከእያንዳንዱ 100 ዶላር የመኪና ዋጋ 5 ዶላር ሲያስከፍል፣ አሌክሳንድሪያ 5.33 ዶላር አስከፍላለች። ጂም ጊልሞር በ1997 ለገዥነት ተወዳድረው ያሸነፉት “የመኪና ግብር ይቅር” በሚል ቃል ነበር። ግብሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀረም። የቀረው እፎይታ በመጀመሪያው 20,000 ዶላር ዋጋ ላይ የተወሰነ ቅናሽ የሚያደርግ ነው፣ ቅናሹም በየአካባቢው ይለያያል።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ባልና ሚስቱ እያንዳንዳቸው 15,000 ዶላር የሚያወጣ መኪና አላቸው። በ5 ዶላር ሒሳብ 1,500 ዶላር ነው። እፎይታው ተቀንሶ 1,000 ዶላር ቀረ እንበል። በዚያ ላይ ሜሪላንድና ዲሲ ከገበያ በሚገዛ የምግብ ሸቀጥ ላይ ታክስ አያስከፍሉም፣ ቨርጂኒያ ግን 1 በመቶ ታስከፍላለች። በወር 1,000 ዶላር አስቤዛ ለሚገዛ ቤት በዓመት 120 ዶላር ነው።

እንግዲህ ከ1,965 ላይ 1,120 ሲቀነስ የሚተርፈው 845 ዶላር ነው። በወር 70 ዶላር ማለት ነው። አዲሱ ቤት ከሥራ ርቆ በቀን 4 ዶላር የመንገድ ክፍያ ቢያስወጣ፣ በወር 20 የሥራ ቀን 80 ዶላር ይሆናልና ትርፉ እዚያው ያልቃል። በኢንተርስቴት 66 ላይ የመንገዱ ክፍያ እንደ መጨናነቁ ይወጣል ይወርዳል። በዲሴምበር 2017 አዲሱ አሠራር በጀመረበት ሰሞን 40 ዶላር ድረስ ወጥቶ ሰውን ሁሉ ጉድ አሰኝቶ ነበር።

ለኡበር፣ ለሊፍትና ለታክሲ ሾፌሮች

ይህቺን ክፍል ሾፌር የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች በጥሞና አንብቧት። ቨርጂኒያ የምትሰጠው የመኪና ግብር እፎይታ ለግል መጠቀሚያ ለሆነ መኪና ነው። መኪናው ከሚሄደው ማይል ከግማሽ በላዩ ለሥራ ከሆነ እፎይታው አይገባውም። 25,000 ዶላር የሚያወጣ መኪና በ5 ዶላር ሒሳብ 1,250 ዶላር ሙሉውን ይከፈልበታል። ለሥራ የዋለውን ድርሻ በወጪነት ማስያዝ ስለሚቻል ደረሰኙን አይጣሉት፣ ግብርዎን ለሚሠራልዎት ባለሙያ ያሳዩት።

“ታርጋዬን የሜሪላንድ አድርጌ እቆያለሁ” የሚል ምክርም ይሰማል። አይስሙት። ወደ ቨርጂኒያ የገባ ሰው መኪናውን በ30 ቀን፣ መንጃ ፈቃዱን ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ማስቀየር አለበት። ካውንቲዎቹ የውጭ ታርጋ ይዘው የሚኖሩትን ይከታተላሉ። ሲደርሱበት ግብሩን ከነቅጣቱ ይጠይቃሉ። አደጋ ቢደርስ ደግሞ ኢንሹራንሱ “አድራሻህ ሌላ ነው” ሊል ይችላል።

የከፈሉት ታክስ ምን ይዞ ይመለሳል?

ታክስ የሚወጣ ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ የሚመለስም አለው። የሚመለሰው ግን ቤተሰቡ ባለበት ዕድሜ ይወሰናል።

ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤት ዲሲን ደግሞ ቢያስብ አይከስርም። ከተማዋ በ2008 ባወጣችው ሕግ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች፣ የወላጅ ገቢ ሳይጠየቅ፣ ነፃ የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት ዘርግታለች። ቦታ የሚደለደለው በዕጣ ስለሆነ የፈለጉት ትምህርት ቤት ላይደርስዎት ይችላል። ይሁንና በዚህ አካባቢ ለአንድ ልጅ መዋያ በወር ከ1,000 ዶላር በላይ መክፈል የተለመደ ነው። ሁለት ዓመት ከዚህ ወጪ መዳን ከላይ ያየነውን የታክስ ልዩነት ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። የዲሲ ተማሪዎች በአውቶቡስና በሜትሮ ያለ ክፍያ መሄዳቸውም ሌላ እፎይታ ነው።

ልጁ ኮሌጅ ሊገባ የተቃረበ ቤተሰብ ደግሞ ዓይኑን የሚጥለው በዩኒቨርሲቲዎች ላይ ነው። ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያን፣ ቨርጂኒያ ቴክንና ጆርጅ ሜሰንን ይዛለች። ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ ያለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲዋ አላት። ለግዛቱ ነዋሪና ከውጭ ለሚመጣ ተማሪ የሚጠየቀው ክፍያ ልዩነት በዓመት በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። የነዋሪነት መብት ለማግኘት ግን በአብዛኛው ከትምህርቱ መጀመሪያ በፊት አንድ ዓመት መኖር ያስፈልጋል። ልጅዎ 11ኛ ክፍል ከሆነ፣ ለጥቂት መቶ ዶላር ታክስ ብለው ድንበር ከመሻገርዎ በፊት በየት በኩል ሊያስተምሩት እንደሚፈልጉ ይወስኑ።

ተከራይ ለሆነ ሰው የኪራይ ጭማሪ ከታክስ በላይ ሊያሳስበው ይገባል። በሞንጎመሪ ካውንቲ በ2023 የጸደቀው ሕግ ለብዙ ቤቶች የዓመት ጭማሪውን ቢበዛ በ6 በመቶ ገድቦታል፣ አዳዲስ ሕንፃዎች ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። ዲሲም በቆዩ ሕንፃዎች ላይ የሚሠራ የኪራይ ቁጥጥር አላት። ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ገደብ የለም። ወሩ 2,200 ዶላር የሆነ አፓርትመንት 10 በመቶ ቢጨምር በዓመት 2,640 ዶላር ነው። ያ ሁሉ የታክስ ትርፍ በአንድ ደብዳቤ ሄደ ማለት ነው።

መኪና የማይነዱ አባትና እናት አብረውዎት የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ብቻቸውን ወጥተው መግባት ይችላሉ ወይ? አሌክሳንድሪያ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ከ2025 በጋ ጀምሮ የአካባቢ አውቶቡሶቻቸውን ነፃ አድርገዋል። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ የተነሣ መሥሪያ ቤቶቿ በአማርኛ ያስተናግዳሉ። አንዲት እናት ልጃቸውን ከሥራ ሳያስቀሩ ጉዳያቸውን ራሳቸው ጨርሰው መመለሳቸው በየትኛውም የታክስ ሰንጠረዥ ላይ አይጻፍም። ቤት ውስጥ ግን ይታወቃል።

ለነገ የሚተውትም ይታሰብ

ሦስቱም አካባቢዎች በሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ላይ የገቢ ግብር አይጥሉም። በውርስ ላይ ግን ይለያያሉ። ሜሪላንድ ትልልቅ ሀብት ላይ ከሚጣለው ግብር ሌላ የወራሽ ግብርም አላት። የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ እኅትና ወንድም ነፃ ናቸው። የወንድም ልጅ፣ የአክስት ልጅ ወይም ወዳጅ ሲወርስ ግን 10 በመቶ ይጠየቃል። ቨርጂኒያ ሁለቱም የሏትም። እኛ ዘንድ የእኅቱን ልጅ እንደ ልጁ ያሳደገ ሰው ብዙ ነውና ይህን የሚመለከተው ሰው ከጠበቃ ጋር ቀደም ብሎ ቢነጋገር ይጠቀማል።

ከመወሰንዎ በፊት

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብለው እነዚህን በወረቀት ላይ ያስፍሩ።

- ያለፈውን ዓመት የግብር ወረቀት አውጥተው የገቢ ግብሩን በአዲሱ አድራሻ ያሠሉት። ሜሪላንድ ከሆነ የካውንቲውን አይርሱ።
- የእያንዳንዱን መኪና ዋጋ ይዘው ሊሄዱበት ያሰቡትን ካውንቲ የመኪና ግብር ይጠይቁ። ኢንሹራንስዎንም በአዲሱ ዚፕ ኮድ ያስገምቱ።
- በሥራ መግቢያ ሰዓት መንገዱን ራሳቸው ነድተው ይሞክሩት። እሑድ ጠዋት የታየ መንገድ ሰኞ ጠዋት ሌላ ነው።
- የልጆቹን የትምህርት ቤት ክልል በቤቱ ቁጥር ያጣሩ። በአንድ ካውንቲ ውስጥ እንኳ መንገድ ሲሻገሩ ትምህርት ቤቱ ይቀየራል።
- ቤት ከቀየሩ በኋላ ለአሠሪዎ አዲሱን የግብር ቅጽ ወዲያው ያስገቡ። አለዚያ ከደመወዝዎ ለድሮው አድራሻ ሲቆረጥ ይከርምና በግብር ወቅት ለአዲሱ ግዛት በአንድ ጊዜ ክፈሉ ይባላሉ።

በሌላ አካባቢ ለምትኖሩ አንባቢዎቻችንም ነገሩ ያው ነው። ዋሽንግተን ግዛት ደመወዝ ላይ የገቢ ግብር የለም፣ ጎረቤቷ ኦሪገን ደግሞ የሽያጭ ታክስ የላትም። ቴክሳስ ከገቢ ላይ አትወስድም፣ ከቤት ላይ ግን ጠበቅ አድርጋ ትወስዳለች። በአንዱ በር ያልጠየቀ በሌላው በር ይመጣል።

ሜሪላንድ ይሻላል ወይስ ቨርጂኒያ ብሎ ለሁሉም የሚሆን መልስ የለም። ለሕፃናት ወላጅ፣ ለሾፌር፣ ለጡረተኛና ለተከራይ መልሱ ይለያያል። ልዩነቱ በወር 70 ዶላር ብቻ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ልጆቹ ከለመዱት ጓደኛ፣ እናት ከለመዱት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ እርስዎም ከሚደርስልዎት ጎረቤት አጠገብ መቆየት ራሱ ትርፍ ነው። አባቶች “አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ፣ ኋላ ድስት ጥዶ ከማልቀስ” ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የጭነት መኪናውን ከመጥራትዎ በፊት ሒሳቡን ይጨርሱ።