ኩፍኝ በገባ ጊዜ የሕፃናት ማዋያ ቤት ስለሚጠበቅበት ሥርዐት

ሕፃናትን ባንድ ቤት ሰብስቦ ለሞግዚት ትቶ ወደ እርሻና ወደ ገበያ መኼድ ለእናት ትልቅ ዕረፍት ነው። ለሕፃናቱም ቢኾን ከባልንጀሮቻቸው ጋራ መዋል ይጠቅማቸዋል። ነገር ግን ኩፍኝ ወደ መንደሩ የገባ እንደ ኾነ ያው ቤት በሽታው የሚፈልገውን ኹሉ አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም ብዙ ሕፃናት፣ ጠባብ ክፍልና የተዘጋ መስኮት ነው።

ኩፍኝ የሚመጣው ቫይረስ ከሚባል በዐይን ከማይታይ ረቂቅ ተሐዋሲ ነው። የታመመው ሕፃን ሲስልና ሲያስነጥስ ተሐዋሲው ከአፉና ከአፍንጫው ወጥቶ በአየር ይንሳፈፋል፤ ሕፃኑ ከቤቱ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት ድረስ በዚያ አየር ውስጥ ሊቈይ ይችላል። ክትባት ያላገኙና ቀድሞ ያልታመሙ 10 ሰዎች ከበሽተኛው አጠገብ ቢቀመጡ እስከ 9 የሚደርሱት ይያዛሉ። ስለዚህ እጅን በሳሙና መታጠብ ምንም እንኳ ከተቅማጥ የሚያድንና ዘወትር የሚያስፈልግ ቢኾን፣ ለኩፍኝ ብቻውን አይበቃም። ቤቱን በጢስ ማጠንም አይረዳም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ከገባው ከጽኑው የኅዳር በሽታ ጋራ ተያይዞ፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻን ሰብስቦ ማቃጠል ልማድ ኾኖ ቀርቷል። ቈሻሻን ማስወገድ መልካም ነው፤ ጢሱ ግን ኩፍኝን አይገድለውም፤ ይልቁንም የታመመውን ሕፃን ዐይንና ሳንባ ይጐዳል። የሚረዳው መስኮትን መክፈትና በደኅና ቀን ሕፃናቱን በዛፍ ጥላ ሥር ማዋል ነው።

በሽታውን በቀን ቈጥሮ መከታተል እንዲቻል ያሳየው ፓኑም የሚባል ወጣት የዴንማርክ ሐኪም ነው። በ1838 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1846) በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ባሉት በፋሮ ደሴቶች ኩፍኝ ገብቶ፣ 8 ሺህ ከማይሞላው ሕዝብ 6 ሺህ ያህሉ ታመመ። ፓኑምም ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ ማን ከማን ጋራ በየትኛው ቀን እንደ ተገናኘ ጠይቆ ጻፈ። ከዚህም የተነሣ ሽፍታው የሚወጣው በሽተኛውን ካገኙ ከ13 ወይም ከ14 ቀን በኋላ መኾኑን ዐወቀ። ደግሞም ከ65 ዓመት በፊት ታመው የነበሩ ሽማግሌዎች ዳግመኛ እንዳልታመሙ አገኘ።

አኹን እንደሚታወቀው የታመመው ሕፃን ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞ ጀምሮ፣ ከወጣ በኋላ እስከ 4 ቀን ድረስ በሽታውን ለሌላው ያስተላልፋል። በመዠመሪያዎቹ ቀኖች የሚታየው ትኵሳት፣ ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የዐይን መቅላት ብቻ ስለ ኾነ እናቲቱ ጕንፋን ይመስላታል። እንግዲህ ሽፍታን ብቻ የሚጠብቅ ሞግዚት ዘግይቷል። ጧት ጧት ሕፃናቱ ከመግባታቸው በፊት በደጅ ላይ ሳሉ ግንባራቸውን መዳሰስ፣ ዐይናቸውንም መመልከት ይገባል። ሽፍታው የሚዠምረው ከፊትና ከጆሮ ኋላ ነው፤ በጠቈረ ሰውነት ላይ መቅላቱ ስለማይጐላ በመዳፍ ሲዳስሱት ሸካራ መኾኑን ማየት ይሻላል።

ክትባቱ በ1955 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1963) ለሕዝብ አገልግሎት ተፈቀደ፤ በኢትዮጵያም የሕፃናት ክትባት ሥራ በ1972 ዓ.ም. ተዠመረ። በአገራችን ሥርዐት አንድ ሕፃን በ9 ወሩ አንድ ጊዜ፣ በ15 ወሩ ኹለተኛ ጊዜ ይከተባል። አስተማሪው ወይም ሞግዚቱ ገና በሽታው ሳይመጣ የያንዳንዱን ሕፃን የክትባት ካርድ አይቶ በመዝገብ መጻፍ አለበት፤ በሽታው ከገባ በኋላ ካርድ መፈለግ ጊዜ ያባክናል። ያልተከተበ ሕፃን ከበሽተኛው ጋራ በዋለ በ3 ቀን ውስጥ ቢከተብ ከሕመሙ ሊድን ይችላል። በሽታው በተስፋፋ ጊዜ የጤና ሹማምት ካዘዙ ከ6 ወር ጀምሮ ይከተባል፤ ነገር ግን ያ ክትባት ከመደበኛው ስለማይቈጠር በ9 ወሩ እንደ ገና መከተቡ አይቀርም። ሞግዚቷም ራሷ ክትባት ያገኘች ወይም ቀድሞ የታመመች መኾን ይኖርባታል።

የታመመ የመሰለ ሕፃን የተገኘ እንደ ኾነ ወደ ቤቱ ውስጥ ሳይገባ በጥላ ሥር ለብቻው ተቀምጦ እናቲቱ ትጠራለች፤ ጤና ኬላም ይነገራል። በአንዳንድ ስፍራ ኩፍኝ የወጣበትን ልጅ በጨለማ ቤት ዘግቶ መያዝ እንጂ ወደ ሐኪም መውሰድ አይገባም የሚሉ አሉ። ይህ ስሕተት ብዙ ዐይን አጥፍቷል። የጤና ሠራተኛ በተከታታይ ኹለት ቀን የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ዐይንን ከመታወር ይጠብቃል፤ የሞትንም አደጋ ይቀንሳል። ሕፃኑ በፍጥነት የሚተነፍስ፣ ጡት እንቢ የሚል ወይም የሚፈዝ ከኾነ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።

ከዚህ ኹሉ የሚከብደው የእናቲቱ ነገር ነው። የቀን ሙያተኛ የኾነች እናት ልጇ ከተመለሰባት የዚያን ቀን እንጀራዋ ይቀራል። ስለዚህ ትኵሳቱን በማስታገሻ መድኀኒት አብርዳ፣ ዐይኑን አጥባ፣ ደኅና ነው ብላ ታስገባዋለች። ክፋት አይደለም፤ ችግር ነው። በደጅ ላይ በሰው ፊት የምትሰደብ ከኾነ ደግሞ በማግስቱ የባሰ ትደብቃለች፤ ሌሎቹም አይተው ይደብቃሉ። እንግዲህ የሚሻለው አስቀድሞ ወላጆችን ሰብስቦ፣ የታመመ ልጅ ቦታው እንደማይወሰድበት ማስታወቅ ነው። ኩፍኝ ታማ የዳነች አክስት ወይም አያት በቤት የምትጠብቅበትን፣ ዕድሩም ለዚያች እናት እኽል የሚያዋጣበትን መንገድ መስማማት ነው። ምርመራው በመልካም ቃል ሲደረግ እናቲቱ ራሷ ትናገራለች።

ማዋያውን ፈጽሞ መዝጋት ይሻላል የሚሉ አሉ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ኹሉ በተዘጉ ጊዜ ሕፃናት በየጐረቤቱ ተሰብስበው መዋላቸው አልቀረም፤ መዝገብና መርማሪ ግን አልነበራቸውም። የመዝጋት ትእዛዝ ከጤና ሹማምት ከመጣ መፈጸም ግዴታ ነው። ትእዛዝ ሳይኖር ከኾነ ግን ታላቋ እኅት ከትምህርቷ ቀርታ ሕፃን እንድትጠብቅ ከማድረግ፣ ሕፃናቱን በትንንሽ ክፍል ለያይቶ እያንዳንዱን ክፍል ለአንድ ሞግዚት ሰጥቶ ማዋል ይመረጣል።

የዳነው ሕፃን ሽፍታው ከወጣ 4 ቀን ካለፈና ከበረታ በኋላ ይመለሳል። ኩፍኝ የሰውነትን ኀይል ለብዙ ወራት ስለሚያዳክም ሌላ በሽታ በቀላሉ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ምግቡ ከሌሎቹ በርከት ይበል። ሞግዚቷም የመጨረሻው በሽተኛ በማዋያው ከታየበት ቀን ጀምራ እስከ 21 ቀን ድረስ የጧቱን ምርመራ በመዝገብ እየጻፈች ትቈያለች።