«ኢምፓክት ፋክተሩ ስንት ነው?»

ጥናቱን በትምህርት ጆርናል ላይ አሳትሞ እድገት የሚጠብቅ የዩኒቨርሲቲ መምህር ይህን ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል። ቁጥሩ እንዴት እንደሚወጣ እስቲ እንይ።

አንድ ጆርናል በ2022 እና በ2023 (በፈረንጆቹ) 100 ጽሑፎች አወጣ እንበል። በ2024 የወጡ ጥናቶች እነዚህን 300 ጊዜ ከጠቀሷቸው፣ 300 ለ100 ተካፍሎ 3 ይመጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን 200ውን አንድ ጽሑፍ ብቻውን ጠቅልሎት ሊሆን ይችላል። የቀሩት 99ኙ በአማካይ አንድ አንድ ጊዜ ነው የተጠቀሱት፤ ጸሐፊዎቻቸው ግን ሁሉም «ባለ 3 ጆርናል ላይ አሳተምኩ» ማለት ይችላሉ።

በትምህርት ዘርፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ ክፍል ገብቶ፣ ተማሪ ተፈትኖበት፣ ውጤቱ ተጽፎ እስኪታተም ሁለት ዓመት ምን አላት? የአምስት ዓመት ስሌትም የተጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከ1931 ጀምሮ በአሜሪካ የሚታተመው «ሪቪው ኦፍ ኤዱኬሽናል ሪሰርች» በዘርፉ በብዛት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። የሚያወጣው ግን አዲስ መረጃ ሳይሆን የሌሎችን ጥናቶች ሰብስቦ የሚገመግም ጽሑፍ ነው። ሃያ ጥናት ከመዘርዘር ያንን አንዱን መጥቀስ ይቀላላ!

እኛን በጣም የሚያሳስበን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የሚጻፈው ነው። ቆጠራው በመረጃ ቋቱ የተመዘገቡ ጆርናሎችን ብቻ ያያል፤ አብዛኞቹም እንግሊዝኛ ናቸው። ስለ አፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት የተጻፈ ጥናት የአንድ ወረዳ መምህራንን አሠራር ቢለውጥ እንኳ እዚያ ዜሮ ነው።

በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተረቅቆ በዓመቱ የወጣው መግለጫ፣ ለቅጥርና ለእድገት የጆርናሉ ቁጥር መመዘኛ እንዳይሆን ጠይቋል።