በእጃችን የማያልፈው ጌም

በነርስነት ዘመኔ ማሸጊያውን ሳላነብ መድኃኒት ለታማሚ አልሰጥም ነበር። ስቶክሆልም ላለው የልጅ ልጄ የቪዲዮ ጌም ሲገዛም ልማዴ ይኸው ነው፤ በአብዛኛው አውሮፓ በሚሸጡ ጌሞች ማሸጊያ ላይ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል የዕድሜ ቁጥር አለ።

አሁን ማሸጊያው እየቀረ ነው። ስቲም የተባለው መደብር እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ ጀምሮ ጌምን በኢንተርኔት በቀጥታ ያወርዳል፤ በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5ም ዲስክ ማስገቢያ የሌለው ዓይነት አለው። የዕድሜው ቁጥር እዚያም ተጽፏል፤ የሚያየው ግን ስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ልጅ ነው፣ እሱም ካየው! ስለዚህ የባንክ ካርዳችሁን እሱ አካውንት ላይ አትተዉ። መሣሪያው የወላጅ መቆጣጠሪያ አለው፤ የዕድሜውን ገደብና የወሩን ወጪ ጣሪያ ራሳችሁ ሙሉ።

ሌላም አለ። ዲስክ ታላቅየው ሲሰለቸው እንደ ጃኬት ለታናሽየው ይተላለፋል፣ ይሸጣልም። የሚወርደው ጌም ግን የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው፤ ለአክስት ልጅ አይሰጥም። ዲስክም ቢሆን ሁልጊዜ ዋስትና አይደለም፤ ዩቢሶፍት በ2024 የዘ ክሪውን ሰርቨሮች ሲዘጋ ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ጌም ስለነበር በዲስክ የገዙትም መጫወት አልቻሉም። ለልደት ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን፣ «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁት።