የኬፊር ፍሬ፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚሻገር

በሰሜን ካውካሰስ፣ 5642 ሜትር ከፍታ ያለው የኤልብሩስ ተራራ በረዶ ለብሶ በሚታይባቸው ሸለቆዎች የሚኖሩት የካራቻይና የባልካር ሕዝቦች፣ ከጥንት አባቶቻቸው ጀምሮ ከብትና በግ፣ ፍየልም እያረቡ ሲኖሩ፣ ወተታቸውን የሚያረጉት ኬፊር በሚባለው መጠጥ ስም በሚጠራ በአንድ ልዩ ፍሬ ነበር። ፍሬውም ከተክል የተለቀመ ሳይሆን ከወተት ውስጥ የሚወጣ ሲሆን፣ መልኩ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ቅርጹ ተፈርፍሮ የወደቀ የአበባ ጎመን የሚመስል፣ በጣት ሲጫኑት ለስላሳና ለጠጥ የሚል ነው። ሕዝቡ እስላም በመሆኑ የነቢዩ ስጦታ ነው ብሎ ያከብረው ነበር፤ ለባዕድ ቢሰጥ በረከቱ ይርቃል ተብሎ ስለሚታመን፣ ምሥጢሩ በየቤተሰቡ ተጠብቆ ይኖር ነበር።

ወተቱን ከፍሬው ጋር በፍየል ቆዳ አቁማዳ አድርገው በደጃፍ ይሰቅሉታል፤ የሚገባውም የሚወጣውም ሰው አቁማዳውን ነቅነቅ አድርጎ እንዲያልፍ ልማድ ነበር ይባላል። ይህ ልማድ ከንቱ አይደለም፤ ወተትና ፍሬ በተናወጡ ቁጥር ይበልጥ ይገናኛሉና።

ፍሬው በዐይነ ሥጋ ሲታይ አንድ ነገር ይምሰል እንጂ በእውነቱ አንድ ፍጥረት አይደለም፤ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያና እርሾ ኬፊራን በሚባል ሙጫ መሰል ነገር ተያይዘው በአንድ ቤት የሚኖሩበት ማኅበር ነው። ባክቴሪያዎቹ የወተቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ሲለውጡት ወተቱ ይረጋል፣ ይኮመጥጣልም፤ እርሾዎቹ ደግሞ ጋዝና ጥቂት አልኮል ያወጣሉ፤ የአልኮሉ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ኬፊርን ከሌላው እርጎ የሚለየው፣ ምላስ ላይ ፍልቅልቅ የሚለው ጣዕም የዚህ የሁለቱ ወገኖች ኅብረት ሥራ ነው።

የእኛ እናቶች ቅሉን በወይራ አጥነው ወተት ሲያጠራቅሙበት፣ የሚያረጋው ረቂቅ ፍጥረት በዕቃውና በወተቱ ውስጥ ተሰውሮ ይሠራል፤ በእጅ ተይዞ የሚሰጥ አንዳች ነገር የለውም። ለኬፊር ፍሬ ይበልጥ የሚቀርበው የእንጀራ እርሾ ነው፤ እርሾ ያለቀባት ሴት ለጎረቤቷ ዕቃ ልካ ታስመጣለችና። ሆኖም በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ፤ እርሾ የሚሰጥ ጎረቤት ቢታጣ፣ የጤፍ ሊጥ ጥቂት ቀናት ቢቆይ በራሱ ጊዜ ይቦካል፤ ወተት ግን የፈለገውን ያህል ቢቆይ የኬፊር ፍሬ አያበቅልም። ፍሬ ያለው ሰው ሁሉ ከሌላ ሰው የተቀበለ ነው፤ ያም ከሌላ፣ እንዲህ እያለ እስከ ካውካሰስ ተራሮች ድረስ ይደርሳል።

ፍሬው ከተራሮቹ ወደ ሞስኮ የወረደበት ታሪክ ልብ ወለድ ይመስላል። እንደሚተረከው፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሩሲያ ሐኪሞች ኬፊርን ለሕሙማን ሲፈልጉ፣ ኢሪና ሳካሮቫ የምትባል ወጣት ፍሬውን እንድታመጣ ወደ አንድ የካራቻይ መስፍን ተላከች፤ መስፍኑ ፍሬውን ከለከላት፣ በመንገድም ተጠልፋ ወደ እርሱ ተወሰደች። ከተፈታች በኋላ ነገሩ በፍርድ ሲታይ ካሣ ይሆናት ዘንድ የጠየቀችው ወርቅ ሳይሆን የኬፊር ፍሬ ነበር፤ 10 ፓውንድ ያህልም ተቀበለች፤ በ1908 እ.ኤ.አ. ኬፊር በሞስኮ ለሽያጭ ቀረበ። በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሩሲያዊው ሊቅ ኤልያ መችኒኮፍ፣ የረጋ ወተት ዕድሜ ያስረዝማል ብሎ ማስተማሩ የዚህን ዓይነት መጠጥ ዝና በአውሮፓ አበዛው። እኔ ግን ኬፊርን እንደ ፈውስ ከሚሰብኩት ጋር አልተባበርም፤ መልካም ምግብ መሆኑ ይበቃዋል።

በቤት ለሚያረባው ሰው ሥራው ቀላል ነው፤ ትእግሥትና ንጽሕና ግን ይጠይቃል። ጥሬ ወተት ከሆነ አስቀድሞ ይፈላል፣ ፈጽሞም ይቀዘቅዛል፤ ትኩስ ወተት ፍሬውን ይገድለዋልና። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፍሬ ከግማሽ ሊትር ወተት ጋር በአፈ ሰፊ ጠርሙስ ይደረግና አፉ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ይሸፈናል፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ጠርሙሱን ሊሰብረው ስለሚችል ክዳኑን አጥብቆ መግጠም አይገባም። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ባለው ቤት በ24 ሰዓት ይደርሳል፤ ደጋ አገር፣ ይልቁንም በክረምት፣ ይዘገያል። ወፈር ሲል በማጥለያ ይጠለላል፤ መጠጡ ለገበታ፣ ፍሬውም ሳይታጠብ ወዲያውኑ ለአዲስ ወተት ይሆናል። አጓቱ ተለይቶ ወደ ታች ከወረደ፣ ወይ ቀኑ በዝቷል ወይ ፍሬው ለወተቱ በዝቷልና አንዱን መቀነስ ነው። ሻጋታ ወይም እንግዳ ቀለም የታየበት ግን ፍሬውም ወተቱም ይጣል። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ልጅ ወይም በሕመም የደከመ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጠጣው።

በየዕለቱ ወተት ያገኘ ፍሬ ይበዛል፤ ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ባለቤቱ ከሚፈልገው በላይ ይሆናል። በትውፊቱ ለባዕድ እንዳይሰጥ የተከለከለው ይኸው ፍሬ፣ ባለቤቱን መስጠት የሚያስገድድ መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ደግሞም ስጦታው ለሰጪው መጠባበቂያ ነው፤ የአንዱ ቤት ፍሬ በሙቀት ወይም በመረሳት ቢሞት፣ ከሰጠው ጎረቤት መልሶ ይቀበላልና።

ጾም ለሚጾም ቤተሰብ፣ 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት ፍሬውን በወተት ማቆየት የሚከብድ ሊመስለው ይችላል። ለአንድ ሳምንት ያህል በማቀዝቀዣ ውስጥ በወተት ቢቀመጥ አይጎዳም፤ ለረጅም ጊዜ ግን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አለቅልቆ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ነፋሻ ጥላ ውስጥ ጥቂት ቀን አድርቆ፣ በተከደነ ዕቃ ቀዝቃዛ ቦታ ማኖር ይሻላል። በፋሲካ ጥቂት ወተት አድርጎ በየቀኑ እየለወጡ የመጀመሪያዎቹን መጣል፣ ፍሬው እስኪያንሰራራም መጠበቅ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ፍሬ ከደረሰህ መጀመሪያ የተረፈውን ማንኪያ ለጎረቤትህ ስጥ፤ የቀረውንም ከማድረቅህ በፊት ጥቂቱን ስጥ።